ከቆረጣችሁስ ንገሩን

አንድ የቆየ የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ከብዙ ዓመታት በኋላ በኢንተርኔት የቪዲዮ አገልግሎት፣ ዛሬ ሁሉም «ስትሪሚንግ» በሚለው መንገድ፣ ተመልሶ ሲመጣ የቀድሞ ተመልካቾቹ በደስታ ይቀበሉታል። ደስታው ግን ብዙም አይቆይም። አንዱ በልቡ ይዞት የኖረው ዘፈን ቦታው ላይ የለም። ሌላዋ የምትጠብቀው አጭር የአሻንጉሊት ጨዋታ ተዘልሏል። ወዲያው ክርክር ይነሣል። ገሚሱ «ሳንሱር ነው፤ ይህ ዘመን ቀልድ አያውቅም» ብሎ ያማርራል። ገሚሱም «ጊዜ ያለፈበትን ነገር ለልጅ ማሳየት አይገባም፤ ደግ አደረጉ» ሲል ይመልሳል።

ሁለቱም ወገኖች መቀሱን የያዘው እጅ የማን እንደሆነ አስቀድመው የጠየቁ አይመስለኝም። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ ከአሮጌ የልጆች ዝግጅቶች ውስጥ ዘፈንና ትዕይንት የሚያስወጣው አብዛኛውን ጊዜ የሥነ ምግባር ጠባቂ አይደለም፤ የውል ወረቀት ነው። ሥነ ምግባር ያስቆረጠውም አለ፤ እርሱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን። የእኔ ቅሬታ ግን ከሁለቱም ይለያል። መቁረጥ አንዳንድ ጊዜ ግድ ነው። ግድ ያልሆነው ዝምታው ነው። የተቆረጠውን ሥራ ሙሉ አስመስሎ ማቅረብ ተመልካቹንም ሥራውንም መናቅ ነው እላለሁ።

በቅድሚያ እነዚህ ዝግጅቶች እንዴት እንደተሠሩ እናስታውስ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ሰሰሚ ስትሪት» በአሜሪካ መታየት የጀመረው በኖቬምበር 1969 ነው። ጆአን ጋንዝ ኩኒና ባልደረቦቿ ልጆች የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎችን ሳይማሩ በቃላቸው እንደሚይዙ ተገንዝበው ነበርና፣ ፊደልና ቁጥርን በዚያው ስልት ለማስተማር ወሰኑ፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ዜማ ያለው፣ ደጋግሞ የሚመጣ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ አንድ አንድ ሰዓት የሚፈጁ 130 ክፍሎች ተሠሩ። እያንዳንዱ ክፍል ከመንገዱ ታሪክ፣ ከአሻንጉሊት ጨዋታ፣ ከካርቱን፣ ከአጭር ፊልምና ከዘፈን የተገጣጠመ ነበር። ከአንድ ድርሰት ይልቅ የድርሰቶች መድበል ይመስላል።

ይህ አሠራር ለትምህርቱ በጀ፤ ለመቀስም አመቸ። ከልብ ወለድ መካከል አንድ ምዕራፍ ቢወጣ ታሪኩ ይሰነካከላል፤ አንባቢም ይነቃል። ከመድበል ውስጥ አንዲት ግጥም ብትወጣ ግን ማውጫው እስካልመሰከረ ድረስ ማን ያውቃል? የልጆች ቴሌቪዥን ደግሞ ማውጫ የለውም።

አሁን ወደ ውሉ እንግባ። አንድ ዘፈን በቴሌቪዥን ሲሰማ በአንድ ባለቤት እጅ ያለ ይመስላል። በሕግ ዓይን ግን ግጥሙና ዜማው የደራሲው ወይም የአሳታሚው ንብረት ሲሆኑ፣ የተቀረጸው ድምፅ ደግሞ የሌላ ሰው ወይም የሌላ ኩባንያ ሊሆን ይችላል። ዘፈኑን ከምስል ጋር ማዋሐድ ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠይቃል። በዚያ ላይ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተፈረሙ ውሎች ዝግጅቱ በቴሌቪዥን እንዲተላለፍ ብቻ የሚፈቅዱ ነበሩ። ውሉን የጻፉት ሰዎች ሥራው በቤት ውስጥ በካሴት፣ በዲቪዲ፣ ኋላም በስልክ ላይ እንደሚታይ አላሰቡም።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ያጠራዋል፤ ምንም እንኳ ፊልሙ የልጆች ባይሆንም። «ሚዲየም ኩል» በተሰኘው ፊልም ውስጥ ለገባ አንድ ዘፈን በ1969 ፈቃድ ተሰጥቶ ነበር። ፊልሙ በቪዲዮ ካሴት ሲወጣ የዘፈኑ ባለመብት ኮኸን ፓራማውንት ኩባንያን ከሰሰ። በ1988 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለከሳሹ ፈረደ፤ በቴሌቪዥን የማሳየት ፈቃድ ካሴት አባዝቶ ለቤት መሸጥን አይጨምርም አለ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ሥራ እንደገና ለማውጣት የሚነሣ ኩባንያ ሁሉ የጠበቃ መነጽር አድርጎ እያንዳንዱን ዜማ ለመመርመር ተገደደ።

በሕዝብ ማሠራጫዎች በኩል የሚተላለፉት ትምህርታዊ ዝግጅቶች ደግሞ የባሰ ጣጣ አለባቸው። የ1976ቱ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ እነዚህ ዝግጅቶች የተቀረጹ ሙዚቃዎችን እንዲጠቀሙ የተለየ ነፃነት ሰጥቷቸዋል። ነፃነቱ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነው፤ የዝግጅቱ ቅጂ ለሕዝብ በንግድ መልክ መሠራጨት የለበትም። ቸርነቱ ለአየር ሞገድ እንጂ ለገበያ አልነበረም ማለት ነው። ዝግጅቱ ወደ ገበያ ሲወጣ ትናንት በነፃ የገባው ሙዚቃ ዛሬ በሩ ላይ ቆሞ ዋጋውን ይጠይቃል።

ይህ ደረቅ የሕግ ነገር በሥራው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማየት «የመፔት ሾው»ን እንውሰድ። ጂም ሄንሰን ከ1976 እስከ 1981 በእንግሊዝ አገር፣ ኤልስትሪ ላይ ያዘጋጀው ይህ ዝግጅት 120 ክፍሎች አሉት፤ በየክፍሉም አንድ ዝነኛ እንግዳ ይጋበዛል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ከመጡት እንግዶች አንዱ በአስፈሪ ፊልሞች የታወቀው ቪንሰንት ፕራይስ ነበር። ሰውየው በመጨረሻ ከጭራቆች መካከል ሆኖ ካሮል ኪንግ የደረሰችውን ስለ ወዳጅነት የሚናገር ዘፈን ይዘፍናል። አስቡት፤ ልጅ ሲፈራው የቆየው ሁሉ፣ ያ ድምፅና እነዚያ ጥርሶች፣ በአንድ ዜማ ወዳጅ ይሆናሉ። የክፍሉ ትርጉም ያረፈው እዚያ ላይ ነው። በ2005 የመጀመሪያው ምዕራፍ በዲቪዲ ሲወጣ ይህ ዘፈን ከሌሎች በርካታ ዘፈኖች ጋር ተቆርጦ ወጣ። ልጁ እንዲፈራ ተደረገ፤ የሚያጽናናው ግን አልመጣም። ምክንያቱ የዘፈኑ ነውር አልነበረም። የፈቃዱ ዋጋ ነበር።

ከዚሁ ቤት የወጣው «መፔት ቤቢስ» የተሰኘው ካርቱን ዕጣ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ከ1984 እስከ 1991 በሲ.ቢ.ኤስ. ሲታይ፣ ሕፃናቱ አሻንጉሊቶች የመጫወቻ ክፍላቸውን በር በከፈቱ ቁጥር ምናባቸው ወደ ታወቁ ፊልሞች ይወስዳቸው ነበር፤ እውነተኛ የፊልም ቁርጥራጮችም በካርቱኑ መካከል ይገባሉ። የዝግጅቱ ውበት ይኸው ነበር። መቃብሩም ይኸው ሆነ። የሁሉንም ፊልሞች ባለመብቶች ለማስፈቀድ የሚወጣው ድካምና ገንዘብ ብዙ ስለሆነ፣ ከመቶ በላይ ክፍሎች ያሉት ይህ ሥራ በሙሉ በዲቪዲ ወጥቶ አያውቅም።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የ«ሪዲንግ ሬይንቦው» ታሪክ ይመስለኛል። ከ1983 እስከ 2006 በተዘጋጁት 155 ክፍሎች ሌቫር በርተን ልጆችን ወደ መጻሕፍት ይመራ ነበር። የሥዕል መጽሐፍ ገጽ በገጽ በቴሌቪዥኑ ላይ ይገለጣል፤ ድምፁ ያማረ አንባቢም ያነበዋል። እያንዳንዱ መጽሐፍ ባለቤት አለው፤ እያንዳንዱ ፈቃድም ቀን አለው። በነሐሴ 2009 ዝግጅቱ ከአየር ሲወርድ፣ የማስተላለፍ መብቱን ለማደስ የሚያስፈልገውን ጥቂት መቶ ሺህ ዶላር የሚከፍል አልተገኘም። ልጆችን መጽሐፍ እንዲወዱ ያስተማረው ዝግጅት፣ መጻሕፍቱን በስክሪን ለመግለጥ የሚያስፈልገው ፈቃድ ሳይታደስ ቀረና ዝም አለ።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው መቀስ እንምጣ፤ ልጆችን ለመጠበቅ ወደሚያዘው። ይህንን መቀስ በጅምላ የሚያወግዙ አሉ። እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። በፌብሩዋሪ 1976 ማርጋሬት ሃሚልተን፣ በ«ዘ ዊዘርድ ኦፍ ኦዝ» ፊልም የተጫወተችውን ክፉ ጠንቋይ ሆና ወደ ሰሰሚ ስትሪት መጣች። ዓላማው ልጆች ፍርሃታቸውን እንዲያሸንፉ ማድረግ ነበር። ልጆቹ ግን ፈሩ፤ የወላጆች የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ፤ ክፍሉም ዳግመኛ በቴሌቪዥን አልታየም። በ1992 ደግሞ አዘጋጆቹ ስለ ወላጆች ፍቺ አንድ ሙሉ ክፍል ሠሩ። ከማስተላለፋቸው በፊት ለጥቂት ሕፃናት አሳዩት። ሕፃናቱ ነገሩን ገልብጠው ተረዱት፤ ወላጆች ከተጨቃጨቁ መለያየታቸው የማይቀር መሰላቸው። አዘጋጆቹ ያን ሁሉ ወጪና ድካም ጥለው ክፍሉን በመደርደሪያ ላይ አስቀሩት። ለዚህ ዓይነቱ መቁረጥ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ለልጅ የሚጽፍ ሰው ከጽሑፉ ይልቅ ልጁን ማፍቀር አለበት።

ሌላም አለ። ኩኪ ሞንስተር የተባለው ሰማያዊ አሻንጉሊት በአንድ ወቅት የተከበረ የቴሌቪዥን አስተዋዋቂ መስሎ፣ የክት ካፖርት ለብሶ፣ ፒፓ ይዞ ይቀርብ ነበር፤ በመጨረሻም ፒፓውን ይበላዋል። ኋላ ፒፓው ቀረ። በ2006 የሰሰሚ ስትሪት የመጀመሪያ ዓመታት ስብስብ በዲቪዲ ሲወጣም፣ እነዚህ ክፍሎች ለአዋቂዎች የታሰቡ መሆናቸውንና ለዛሬው የቅድመ መደበኛ ልጅ ላይስማሙ እንደሚችሉ የሚገልጽ ማሳሰቢያ ተያይዞ ነበር። ለልጆች የተሠራ ሥራ ለልጆች አይሆንም ተብሎ መውጣቱ ብዙዎችን አሳቀ፤ አንዳንዶችንም አስቆጣ። እኔ ግን ማሳሰቢያው ጨዋነት ይመስለኛል። ሥራው እንዳለ ቀርቧል፤ ያቀረበውም ወገን ሐሳቡን ተናግሯል፤ ውሳኔው ለወላጅ ተትቷል።

ዲዝኒ ፕላስም በፌብሩዋሪ 2021 የመፔት ሾውን አምስቱን ምዕራፎች ሲያቀርብ፣ በ18 ክፍሎች መግቢያ ላይ ማስጠንቀቂያ አኖረ። አንዳንድ ሕዝቦችና ባህሎች በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ በማይገባ መልክ መቅረባቸውን አምኖ፣ ይህን ከማስወገድ ይልቅ ጉዳቱን ማወቅና መወያየት እንደሚሻል የሚገልጽ ነው። ብዙ ጩኸት የተነሣው በዚህ ማስጠንቀቂያ ላይ ነበር። ልብ በሉ! ማስጠንቀቂያ የተጻፈባቸው ክፍሎች ለእይታ ቀርበዋል። በዚያው ጊዜ ግን ሁለት ክፍሎች ጭራሹን ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም፤ ከሌሎች ክፍሎችም የተወሰኑ ዘፈኖች ወጥተው ነበር። ለእነዚህ ማስጠንቀቂያ አልተጻፈላቸውም። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ በግልጽ ሰሌዳ ላይ ወጣ፤ የውሉ መቀስ ግን ድምፁን አጥፍቶ አለፈ። ሕዝቡም ሰሌዳውን እያየ «ሳንሱር!» ብሎ ጮኸ፤ የተቆረጠውን ግን ሳያየው ቀረ።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» የሚል ይኖራል። «ሁሉም ዘፈን ካልተፈቀደ አይውጣ ብንል ዝግጅቱ ለዘለዓለም በመጋዘን ይቀራል። ከማጣት ጎደሎ አይሻልም ወይ?» ክርክሩ ሚዛን ይደፋል። የዘፈን ደራሲም ከሥራው እንጀራ መብላት አለበትና፣ የቅጂ መብት ይሻር አልልም። ጎደሎውን እቀበላለሁ። የምጠይቀው ጎደሎ መሆኑ እንዲነገረኝ ነው። «ከዚህ ክፍል አንድ ዘፈን በመብት ጉዳይ ወጥቷል» ብሎ መጻፍ ስንት ያስከፍላል? ምንም። የማይጻፈው «ሙሉ ምዕራፍ» የሚለው ቃል ለገበያ ስለሚጥም ነው። ሻጭ የጎደለውን ኪሎ በራሱ አንደበት አይናገርምና።

በዲቪዲ ዘመን እንኳ አንድ ማምለጫ ነበር። የገዛኸው ዕቃ በቤትህ ይቀመጣል፤ ከቀድሞው ካሴት ጋር ታስተያየዋለህ፤ ልዩነቱን ትመዘግባለህ። ስትሪሚንግ ይህንንም ወሰደው። ዛሬ ያየኸው ነገ ላይኖር ይችላል፤ ሌሊት ቢቀየር ማንም አይነግርህም። በነሐሴ 2022 ኤች.ቢ.ኦ. ማክስ 200 ገደማ የሚሆኑ የሰሰሚ ስትሪት ክፍሎችን ከአገልግሎቱ አወጣ። የወጪ ቅነሳ ዘመን ነበር። ያን ያህል ብዛት በአንድ ጊዜ ስለወጣ ዜና ሆነ። አንዲት የሁለት ደቂቃ ዘፈን ብትወጣ ግን ዜና አትሆንም።

ይህ ሁሉ ለእኛ፣ ለጽሑፍ ወዳጆች፣ ምናችን ነው? ብዙ ነገራችን ነው እላለሁ። እኛ የአንድን መጽሐፍ ሁለት እትሞች አስተያይተን ለአንዲት ቃል መለወጥ የምንከራከር ሰዎች ነን። የታገደ መጽሐፍንም እናውቃለን። በ1983 የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ መታገዱን አገር ሁሉ ሰማ፤ በመታገዱም ይበልጥ ተፈለገ። የታገደ መጽሐፍ ስሙ ይተርፋል። በዝምታ የተቆረጠ ገጽ ግን ስም የለውም፤ የሚፈልገውም የለም፤ መጥፋቱ ራሱ ጠፍቷልና። ከእገዳ የሚከፋው ይህ ነው።

ይህንን ጥፋት በአዋቂዎች ሥራ ላይ ብናየው ኖሮ ዝም አንልም ነበር። የልጆች ሲሆን ግን «የሕፃን ጨዋታ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሰው ግን ሥነ ጽሑፍን የሚጀምረው ከየት ነው? አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ከአርባ ዓመታት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ የሰማ ትውልድ መልሱን ያውቀዋል። የታሪክን አጀማመርና አጨራረስ፣ የቃልን ጣዕም፣ የዝምታን ቦታ መጀመሪያ ያስተማሩት ከመምህራን በፊት እርሳቸው ናቸው። የአሜሪካ ልጅም የመጀመሪያ ግጥሙን የሰማው ከአንድ አሻንጉሊት አፍ ሊሆን ይችላል። ያ ሥራ የአንድ ሕዝብ የመጀመሪያ ንባብ ነው፤ በጥንቃቄ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ደግነቱ ሙሉው ከነአካቴው አልጠፋም። በ2019፣ ሰሰሚ ስትሪት 50 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ አዘጋጁ ድርጅት 4,500 ያህል ክፍሎችን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና የቦስተኑ ጣቢያ ደብልዩ.ጂ.ቢ.ኤች. በጋራ ለሚያስተዳድሩት የሕዝብ ማሠራጫዎች ቤተ መዛግብት ሰጥቷል። ተመራማሪ እዚያው ሄዶ መመልከት ይችላል። ያቺ የ1976ቷ ጠንቋይም በ2022 በኢንተርኔት ብቅ ብላ፣ ልጆች ሳሉ አይተዋት ሕልም የመሰላቸውን ሰዎች «ሕልም አልነበረም» አሰኝታለች። እንግዲህ ሙሉው በቤተ መዛግብት፣ ጎደሎው በገበያ ተቀምጧል። በሁለቱ መካከል ድልድይ የሚሆነው አንድ ሐቀኛ ማስታወሻ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። አሮጌ የልጆች ዝግጅት እንደገና የሚያወጣ ሁሉ በየክፍሉ መግለጫ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ክፍሉ መጀመሪያ ሲተላለፍ ስንት ደቂቃ እንደነበር፣ ምን እንደወጣና በምን ምክንያት እንደወጣ፣ ሙሉው ቅጂ የት እንደሚገኝ። ይህን ለመጻፍ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ የዘፈኑን ስም መጥራት ዘፈኑን ማሰማት አይደለምና። አሳዳጊዎችም ልጆቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው «እዚህ ጋ አንድ ዘፈን ነበረ» ሊሏቸው ይችላሉ። ዘፈኑ ባይሰማም መኖሩ ይታወቃል። ዛሬ ወይም ነገ የሚፈልገው ልጅ ይነሣል። ያልጠፋ ስም ይዞ የሚፈልግ ሰው አንድ ቀን ማግኘቱ አይቀርም።